ዝንብ የሚበሉት ቅጠሎችህ አልሞቱም

ይድረስ በደባርቅ አፈር ውስጥ ለተኛኸው ለባለቤቴ ለአያናው፤

የማታ ትምህርት የሚያስተምሩን መምህር፣ ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ የተቀባዩ ጤና ይጠየቃል ብለውናል። አንተን ስለ ጤናህ ብጠይቅህ ማላገጥ ይሆንብኛልና ዘልዬዋለሁ። ስለ እኔ ከጠየቅህ፣ ብርድ ሲሆን ጉልበቴን ይጠዘጥዘኛል እንጂ ቆሜ እሄዳለሁ። ካንተ ከተለየሁ ሰባት ክረምት አለፈ። በሰባቱም ክረምት ከቆርቆሮው የሚወርደውን ውሃ በበርሜል ይዤልሃለሁ።

አዎ፣ ይህን የምጽፈው እኔው አንጓች ነኝ። ማንም አልጻፈልኝም። አንተ ስትሞት የጡረታህን ወረቀት ሊያስፈርሙኝ አውራ ጣቴን ቀለም ውስጥ ነክረው፣ በግ ላይ ምልክት እንደሚደረግ ወረቀቱ ላይ አስጫኑኝ። ጸሐፊዋ ልጅ ጣቴን የምጠርግበት ብጣሽ ወረቀት እንኳ ሳትሰጠኝ «ቀጥሎ!» ብላ ተጣራች። በነጠላዬ ጠረግሁት። ቀለሙ ከነጠላዬ አልለቀቀም፤ ከሆዴም አልለቀቀም። በዓመቱ የማታ ትምህርት ገባሁ። አጠገቤ የተቀመጡት የልጅ ልጆቼ ሊሆኑ የሚችሉ ናቸው። «እማማ፣ ይህ እኮ ‹ሀ› ነው፣ ወንበር አይደለም» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። ግማሾቹ አቋርጠው ቀሩ፤ እኔ አለሁ።

ቤታችን እንደነበረ ነው፤ በጓሮ በኩል አዲስ መስኮት አስከፍቻለሁ። ለእኔ አይደለም፣ ለቅጠሎችህ ፀሐይ እንዲገባላቸው ነው። ጠመንጃህን ለመሥሪያ ቤትህ መልሻለሁ። ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ አስፋልት ሆኗል፤ ድሮ ቀኑን ሙሉ አጥንታችንን ሲያንኳኳ ይውል የነበረው መንገድ፣ ዛሬ ቁርስ በልቶ ወጥቶ ለምሳ መድረስ ነው። ብታየው «እንግዲህ ሰዎቹ ምን አለፋቸው፣ ተቀምጠው ይመጣሉ» ብለህ ትቀልድ ነበር።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። አንተ ካለፍህ በኋላ በቅጠሎችህ ላይ የደረሰውን አልነገርሁህም፤ መቃብርህ ላይ ቆሜ ለመናገር እንኳ አፍሬ ነበር። መምህራችን ደብዳቤው ለሌሎችም ይነበባል ስላሉ፣ አንተ የምታውቀውንም ነገር እንደ አዲስ እናገራለሁ። ታገሠኝ።

መንግሥት ተለውጦ የተራራው የዱር አራዊት ፓርክ እንደገና እንግዳ መቀበል በጀመረ ጊዜ አንተ ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ነበርህ። ጠመንጃህን አንግተህ ከፈረንጆቹ ጋር ተራራ ለተራራ ትውላለህ። አንድ ጊዜ ዕፅዋት ከምታጠና ፈረንጅ ጋር ቡይት ራስ የሚባለው ቦታ ላይ ዝናብ ያዛችሁ። ድንኳን ውስጥ ተቀምጣችሁ ስትጨዋወቱ፣ በዓለም ላይ ዝንብ ይዞ የሚበላ ቅጠል አለ ብላ በአስተርጓሚ ነገረችህ። ቤት መጥተህ «ሴትዮዋ ሞኝ መሰልኋት፤ ልትቀልድብኝ ፈለገች» ብለህ ስቀህ ነበር። አላምንም ብለህ ፊት ለፊት ነግረሃት ኖሮ፣ ከወራት በኋላ በመሥሪያ ቤትህ በኩል ትንሽ ፖስታ መጣ። ውስጡ ዘር ነበረ። ዘር ስል ከጤፍ ያነሰ፣ ቢያስነጥሱበት የሚበን ጥቁር ብናኝ ነው።

ፍግ አላስነካኸውም። እኔን ያሳቀኝ ይህ ነው። እኛ አገር ፍግ ሳይነካው የሚበቅል ምን አለ? ጎመኑ በፍግ፣ ድንቹ በፍግ ነው። አንተ ግን አሸዋውን በዝናብ ውሃ ደጋግመህ አጠብኸው። ከድንጋይና ከአስታ ዛፍ ግንድ ላይ የሚላጠውን፣ ሽበት የምንለውን እርጥብ አረንጓዴ ሽፋንም ቀላቀልህበት። ያንንም ከፓርኩ ወሰን ውስጥ አልወስድም ብለህ፣ ለአንድ ቁና ሽበት ግማሽ ቀን ቁልቁል ወርደህ ግማሽ ቀን ሽቅብ ወጣህ። ይህ ተክል የሚወደው ደሃ አፈር ነው፣ አፈሩ ከጠገበ ይሞታል፣ የጎደለውን ከዝንብ ያገኛል ብለህ አስረዳኸኝ። ዘሩንም አልቀበርኸው፤ በጣሳ በሞላኸው አሸዋ ላይ በተንኸው። «ያልተቀበረ ዘር የወፍ ነው» ብዬ አሾፍሁብህ።

ስንት ጊዜ ጠበቅህ! ከተራራ ስትመለስ ውሃ ከመጠጣትህ በፊት ጣሳህን ታያለህ። በመጨረሻ አረንጓዴ ነጥብ ብቅ አለ። ነጥቡ ቅጠል ሆነ፣ ቅጠሉ እንደ ጣት ቀጠነና ረዘመ፣ ቀይ ፀጉር አወጣ፤ በእያንዳንዱ ፀጉር ጫፍ ላይም አንዲት የማትደርቅ ጠብታ ተቀመጠች። በእኩለ ቀን ፀሐይ እንኳ ጤዛ እንዳደረበት ሳር ታብለጨልጫለች። አንተም «ጤዛ» ብለህ ስም አወጣህላት።

የመጀመሪያዋን ዝንብ በያዘች ቀን እኔ ሽሮ እያማሰልሁ ነበር። «አንጓች! አንጓች ነይ! በላች!» ብለህ ስትጮህ እባብ የነደፈህ መስሎኝ ማማሰያውን ይዤ ወጣሁ። ጠመንጃህን ጭንህ ላይ አጋድመህ ቁጢጥ ብለሃል። ዝንቧ እግሯ ተጣብቆ ትንፈራገጣለች። ቅጠሏ ደግሞ ቀስ በቀስ፣ የሕፃን እጅ ጣት እንደሚይዝ፣ ትታጠፍባታለች። «እንዴት ያለች ጨዋ ናት፣ አትቸኩልም እኮ» አልህ። ሽሮው አረረ። የዚያን ዕለት ያረረ ሽሮ በላን፤ አንተም በየጉርሻው መሃል እየሳቅህ አመሸህ።

ከተሰበረ የመስኮት መስታወት ሣጥን ሠራህላቸው፣ የኅዳር ውርጭ እንዳይነካቸው። በበጋ ሴቱ ሁሉ ቦኖ ላይ ወረፋ ሲጠብቅ፣ እኛ ጓሮ የዝናብ ውሃ በበርሜል ሙሉ ተቀምጦ ነበርና ጎረቤት አፉን ከፈተብን። «ለሰው የሚጠጣ ጠፍቶ ለአረም ያጠራቅማሉ» ተባልን። አንተ ሳቅህ። እኔ ግን ማን ምን እንዳለ አንድ በአንድ ይዤአለሁ።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ የሰፈሩ ሰው ሌላ ቀልድ አገኘ። «አያናው፣ ያቺ ቅጠልህ ጾም ገደፈች እኮ!» ይሉሃል። «እሷ መች ክርስትና ተነሣች» ትላቸዋለህ። የነፍስ አባታችን መምሬ ተገኘ ወሬውን ሰምተው ሊያዩዋት መጡ። ጎንበስ ብለው አዩአት፤ ጢማቸው ሊጣበቅባት ሲል ቀና አሉና «ጾም የታዘዘው ለሰው ነው፤ ድመትህስ መች ጾማ ታውቃለች?» ብለው ባርከውን ሄዱ። ከዚያ ወዲያ ቀልዱ ቀልድ ብቻ ሆኖ ቆየ። አንተ በሕይወት እስካለህ ድረስ።

ልጅ አልወለድንም። ይህን የማያውቅ የደባርቅ ሰው የለም፤ እህትህ እቴ ዝማም ያላሳወቀችው የለምና። «ወንድሜ ስሙን የሚያስጠራለት ሳያገኝ ሊያረጅ ነው» እያለች በየማኅበሩ ታለቅስ ነበር። ሌላ ሚስት እንድታገባም መከረችህ፤ ያውም እኔ እየሰማሁ። አንተ አንድ ቀን እንኳ ፊትህን አላዞርህብኝም። እኔ ግን አልረሳሁላትም። ሰዉ መራራ ነሽ ይለኛል። ኮሶም መራራ ነው፤ ግን ያሽራል።

በሳንባህ ታመህ በክረምት ስታልፍ ወሬው ቀብርህን እንኳ አልጠበቀም። «ያ ቅጠል ነው የበላው» አሉ። «ዝንቡን ጨርሶ ወደ ባለቤቱ ዞረ» ያሉም ነበሩ፤ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው፣ ንፍሮዬን እየቆረጠሙ።

ነገሩ የሆነው በአርባህ ዕለት ነው። እኔ ከካህናቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ እቴ ዝማም ቀድማኝ ቤት ገባች። በጀሪካን ያስመጣችውን ጠበል ከጤዛዎችህ ላይ አፈሰሰችው፤ ጣሳዎቹ ሞልተው እስኪፈሱ ድረስ። በማግስቱም መጣች፣ ከዚያም ወዲያ እንዲሁ። ቤቱን ከክፉ መንፈስ ለመጠበቅ ብላ ነው፣ ለተንኮል አልነበረም። ይህን ዛሬ እጽፈዋለሁ፤ ያኔ ግን ከአፌ አይወጣም ነበር። ያ ጠበል ከዓለት ሥር የሚፈልቅ፣ ሲፈላ ማሰሮው ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ውሃ ነው። አንተ የቦኖውን ውሃ እንኳ፣ ከመሬት የወጣ ጨው አለበት ብለህ፣ አታስነካቸውም ነበር። ጥቂት ሰነበቱና ጠብታቸው ደረቀ። ቅጠላቸው ከጫፉ ጀምሮ ጠቆረ፣ ከዚያ ተኛ።

እቴ ዝማም ደጄ ላይ ቆማ «አያችሁ! ጠበሉ ሲነካው ጠቆረ! የወንድሜ ገዳይ ለቀቀ!» ብላ እልል አለች። ጎረቤቱም ተቀበላት።

እልልታው ነው የገደለኝ። አንተ፣ በየገደሉ የጠፋ እንግዳ ስትፈልግ፣ የሰው ከብት ስትመልስ የኖርህ ሰው፣ ጋኔን በጣሳ ያሳደገ ተብለህ ልትቀር ነው። የሚከራከርልህ ልጅ የለህም። ያለሁህ እኔ ነኝ። እኔስ ምን ልበል? ጠበል ገደላቸው ልበል? ይህን ቃል ተናግሬ ደባርቅ ውስጥ እኖራለሁ? ደግሞስ እኔ ራሴ በልጅነቴ በጠበል የዳንሁ ሰው ነኝ። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ጣሳዎቹን ልጥላቸው ገለበጥኋቸው። ቅጠሉ በስብሷል። ከአሸዋው ውስጥ ግን እንደ ጥቁር ክር ያለ ወፍራም ሥር ወጣ። በጥፍሬ ፋቅሁት፤ ውስጡ ነጭ ነው፣ እርጥብ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ድንች የቆፈረች ሴት፣ ነፍስ ያለውን ሥር ከሌለው ትለያለች። ሥሮቹን በዝናብ ውሃ አጥቤ ቆራረጥኋቸው። እንደ አዲስ በታጠበ አሸዋና ሽበት ላይ አጋድሜ በስሱ ሸፈንኋቸው፤ የመስታወት ሣጥንህ ውስጥም አስገባኋቸው። ሽበቱን ፍለጋ አንተ ትወርድበት የነበረውን ቁልቁለት በቂጤ እየተንሸራተትሁ ነው የወረድሁት። ለማንም ትንፍሽ አላልሁም። ሰው ሲጠይቀኝ «ሽንኩርት ተክዬ ነው» እል ነበር።

ውርጩ መጥቶ ሄደ። ገና ካለፈ በኋላ፣ አንድ ጠዋት፣ የመርፌ ጫፍ የምታክል አረንጓዴ ነገር አየሁ። በፀሐይ አቅጣጫ አዙሬ ባያት ላይዋ ላይ ጠብታ አለ። በቀብርህ ቀን ሰው እያየኝ አለቀስሁ፤ ያን ጠዋት ግን ማንም ሳያየኝ አለቀስሁ። የትኛው ለቅሶ የእውነት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ።

መብቀላቸው ብቻውን ግን ስምህን አይመልስልህም። እቴ ዝማም ብታያቸው «ተመልሶ መጣ!» ነው የምትለው። ስለዚህ ሌላ ክረምት አሳልፌ፣ ጠንከር እስኪሉ ጠበቅሁ። ሁዳዴ ሊገባ ሲል መምሬ ተገኘንና እሷን ቤቴ ጠራሁ። ሁለት ጣሳ አቀረብሁላቸው። አንደኛዋን የዝናብ ውሃ፣ ሁለተኛዋን እቴ ዝማም በገዛ እጇ ከቦኖ የቀዳችውን ውሃ ላጠጣት፣ እነሱም በየሰንበቱ እየመጡ ሊያዩ ተስማማን። ከሞት ያነሣኋትን በገዛ እጄ ልገድላት ነው። ውሃውን ሳፈስስ ይቅር በይኝ አልኋት። ካሉኝ ሁሉ ቆንጆዋን ነው ለቦኖው የመረጥሁት፤ ደካማዋን ሰጥታ ነው እንዳይሉኝ።

ፋሲካ ሲደርስ የቦኖዋ ጠቁራ ተኝታለች። የዝናቧ ታብለጨልጫለች፤ ያውም ዝንብ ይዛ። «እቴ፣» አልኋት፣ «የቦኖ ውሃም ጋኔን ያስወጣል እንዴ? እንዲህ ከሆነማ ምን አለፋን፣ ወረፋ ከምንጠብቅ እዚያው ቧንቧው ሥር እንጠመቅ!» መምሬ ተገኘ ሳቃቸውን በጭራቸው ሸፈኑ። ከዚያ ኮስተር ብለው «ጠበል ለሰው መዳኛ ነው። ለዚህች ደግሞ የታዘዘላት ዝናብ ነው። ዝናቡንስ ያወረደው ማን ሆነና?» አሉ። መስቀላቸውን አውጥተው ሁለታችንንም አሳለሙን፣ ጣሳዋንም ባረኳት። እቴ ዝማም የጠቆረችውን በጣቷ ነካ አደረገችና «ታዲያ ወንድሜን ምን ገደለው?» አለች። «ብርድ ነዋ፣» አልኋት፣ «ዕድሜውን ሙሉ የተራራ ብርድ ሲጠጣ አልኖረም?» እንደ አዲስ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስሁ። በዚያው ዕለት ይቅር ያልኋት እንዳይመስልህ ግን፤ ጊዜ ወስዶብኛል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ኮርቼ ነው የምነግርህ፤ ስማኝ።

አንተ የምታውቀው ዘር ብቻ ነበር። አበባዋ በየጠዋቱ አንድ አንድ እየፈካ፣ ዘሯ እስኪደርስ ጠብቀህ አራግፈህ ትዘራለህ። እኔ ሌላ መንገድ አገኘሁ። አንድ ቀን ተሰብራ ከጣሳው ሥር ባለው የውሃ ሳህን ውስጥ የወደቀች ቅጠል ነበረች፤ ስንፍና ይዞኝ ተውኋት። ከወር በላይ ቆይቼ ሳህኑን ላጥብ ሳነሣ፣ ቅጠሏ ላይ ትንንሽ ጤዛዎች በተርታ በቅለዋል፤ ጫጩት እናቷ ጀርባ ላይ እንደምትወጣ። አሁን ጤነኛዋን ቅጠል ከሥሯ ቆርጬ የዝናብ ውሃ ላይ አንሳፍፋታለሁ፣ ፀሐይ ባለበት መስኮትም አስቀምጣታለሁ። ሥር ሲያበጁ ወደ አሸዋና ሽበት አዛውራቸዋለሁ። ዘር መጠበቅ ቀረ። ይህን አንተ አላወቅህም፣ ፈረንጇም ብታውቅ አልነገረችህም። እኔ ነኝ ያገኘሁት።

የቲማቲም ጣሳው፣ የተቆረጠው ጀሪካን፣ የተሸረፈው ሳህን ሁሉ የእነሱ ሆነ። የሁለተኛ ደረጃዋ የባዮሎጂ መምህርት ሰምታ መጣች። «እማማ፣ እኔ እኮ በሥዕል ብቻ ነው የማውቃት» ብላ እንደ ልጅ እጇን አጨበጨበች፤ ደስ አለችኝ። ክፍል ወስዳ ተማሪዎቿ ፊት አቆመችኝ። እኔን፣ ጥቁር ሰሌዳ አጠገብ! ከዚያ ወዲያ ጠያቂው በዛ። ሁሉም አይሰማም። ፍግ የጨመረባት አለ፣ ወተት ያጠጣት አለ። ሥጋ በል ናት ሲባል ሰምቶ ቅጠሏ ላይ ጥሬ ሥጋ የከመረባት የዳባት ልኳንዳ ነጋዴም አለ። ሻግታ ስትሸትበት ይዟት መጣና «እትዬ፣ አልበላ አለችኝ» አለኝ። «ሰውዬ፣ ዝንብ እንጂ ሙክት መች ጠየቀችህ!» ብዬ ሰድቤ ሌላ ሰጠሁት።

እቴ ዝማምም አንድ ቀን መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ዘንድሮ ዝንቡ አስቸገረኝ» አለች፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም። ልመና አይሆንላትም፣ እንዳንተው ናት። ምርጧን ሰጠኋት። የዝናብ ውሃም በጀሪካን ሞልቼ እስከ ቤቷ ተሸከምሁላት። እንግዲህ ይቅርታው ያን ቀን ነበር ማለት ነው።

ለሰው በምሰጠው ጣሳ ሁሉ ላይ፣ ከጀሪካን በቆረጥኋት ቁራጭ ስምህን ጽፌ አፈሩ ላይ እሰካለሁ። መጻፍ የተማርሁት መጀመሪያ ያንተን ስም ነው፣ ከእኔም ስም በፊት። ሌላ ቃል አልጨመርሁበትም፤ «አያናው» ይላል፣ በቃ። ከማን እንደመጣ ይታወቅ ብዬ ነው።

በቀደም ለሰርግ ኮሶዬ ሄጄ ነበር። ውሃ ጠማኝና መንገድ ዳር ካለ ቤት ገባሁ። መስኮቱ ላይ በጣሳ ተቀምጣለች፤ ለምልማለች፣ ታብለጨልጫለች። ሳላውቀው እጄን ዘረጋሁ። የቤቱ እመቤት፣ አይቻት የማላውቅ ወጣት ሴት፣ «እማማ፣ እንዳይነኩት! አያናው ነው፣ ይጣበቃል!» አለችኝ።

እጄን ሰበሰብሁ። «ምን አልሽው?» አልኋት።

«አያናው ነዋ፣ የቅጠሉ ስም ነው። አገሩ ሁሉ እንዲያ ነው የሚለው። እህቴ ከዳባት አመጣችልኝ፤ እኔም ቆርጬ ለጎረቤት ሁሉ ሰጠሁ።» ከጓዳ ደግሞ ትንሽ ልጇ «እማዬ፣ አያናው ዛሬ ምንም አልበላም!» ብላ ጮኸች።

አላረምኋትም። ባለቤቴ ነው አላልሁም። ውሃዬን ጨርሼ «እግዜር ይስጥሽ፤ አያናውን የቦኖ ውሃ እንዳታጠጪው» አልኋት። «እንዴ፣ እሱንማ አውቃለሁ! ዝናብ ብቻ ነው የሚጠጣ» አለችኝ፣ ቆጣ ብላ፤ እኔን ልታስተምረኝ። ሰርጉ ቤት ስደርስ «አንጓች፣ ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ? ምን እንዲህ ቀና አደረገሽ?» አሉኝ።

አልረሳህም ብዬ አልምልልህም፤ መሐላ ለሚረሳ ሰው ነው። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ሁለት ጣሳ አለ። ለበየዳ ናቸው። ከዚያ የመጣ አስተማሪ ለትምህርት ቤቱ ለምኖኝ፣ ነገ በጠዋቱ መኪና ይወስዳቸዋል። የበየዳ ውርጭ ከኛ ይብሳል፤ ሊሞቱ ይችላሉ። ከሞቱ ሌላ እልካለሁ፣ እነዚያም ከሞቱ ሌላ። እኔ ሳልችል ስቀር ደግሞ ቆርጦ የሚያንሳፍፍ እጅ በየቤቱ ሞልቷል። ስምህን ሁለቱም ላይ ጽፌያለሁ። የመጨረሻው ፊደል ዛሬም ይጣመምብኛል፤ ግን ይነበባል።

ሚስትህ
አንጓች